የምሳ ሰዓት ክበባችን፦ ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር በኋላ

ክፍሉ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ነው። በፊት የተሰበሩ ወንበሮች ይከማቹበት ነበር። ሁለት መስኮት አለው፤ አንደኛው አይከፈትም። ማክሰኞና ሐሙስ ከ6፡30 እስከ 7፡20 ክፍት ነው። ክፍያ የለውም። መብራቱ ተራ አምፖል ነው፤ ጥዝዝ የሚለው ፍሎረሰንት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለእኔ ዋና ነገር ስለሆነ ነው።

የምጽፈው ስለ ትምህርት ቤታችን የጓደኛ ለጓደኛ ክበብ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። አራት ኪሎና ፒያሳ መሀል ነው ማለት ይበቃል። 17 ዓመቴ ነው፤ 11ኛ ክፍል ነኝ። ኦቲስቲክ ነኝ፤ አእምሮዬ ድምፅን፣ ንክኪንና ሰውን የሚቀበልበት መንገድ ከብዙ ሰው ይለያል ማለት ነው። ልጄን የት ላስገባ ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ ካለ ያንብበው። እንዲህ ያለ ነገር ልጀምር የሚል መምህር ካለም ያንብበው። ከሁሉ በላይ ግን የዕረፍት ሰዓቷን ሽንት ቤት ተደብቃ የምታሳልፍ ልጅ ካለች ታንብበው። እኔ 9ኛ ክፍልን ሙሉ እንደዚያ ነው ያሳለፍኩት።

14 ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ስሜ "ጭምት" ነበር። ዘመድ ሁሉ ያመሰግነኛል። "እንዴት ያለች ጨዋ ናት፣ ቀና ብላ እንኳ አታይም!" ይላሉ። እኛ ዘንድ ልጅ ትልቅ ሰውን ዓይን ዓይኑን ካየ ነው ነውሩ። ስለዚህ የሰው ዓይን ማየት እንደሚከብደኝ ማንም አላወቀም። አቀርቅሬ ስቆም ሥርዓት መሰላቸው። ወንድ ብሆን ቶሎ ይታወቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። ወንድ ልጅ ዝም ሲል "ምን ሆነ?" ይባላል። ሴት ልጅ ዝም ስትል ትመረቃለች።

ኦቲዝም የሚለውን ቃል ቤታችን ያስገባችው እናቴ ናት። እሷም የሰማችው ከወ/ሮ ዘሚ የኑስ ነው። ወ/ሮ ዘሚ የገዛ ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበት በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱ ሴት ናቸው። አሁን በሕይወት የሉም። እናቴ ግን "እኒያ ሴትዮ ያሉት" እያለች እስከ ዛሬ ታነሳቸዋለች። ያኔ እኔን አላሰበችም። በቴሌቪዥን የምታየው አፋቸውን ያልፈቱ ትንንሽ ልጆችን ነበር። እኔ እናገራለሁ፤ ፈተናም አልፋለሁ። 8ኛ ክፍል ላይ ትምህርት ቤት አልሄድም ብዬ አልጋ ስይዝ ነው ሐኪም ቤት የሄድነው።

አያቴ ደግሞ ጠበል ወሰደችኝ። አልከፋኝም። እጄን አጥብቃ ይዛኝ ነው የሄደችው፤ ጠበቅ ያለ አያያዝ ደስ ይለኛል። የሚረብሸኝ ለስለስ ያለው ንክኪ ነው። ዜና ላይ "የኦቲዝም ተጠቂ" ይላሉ። ያጠቃኝ ነገር የለም። ኦቲስቲክ በሉኝ።

ከክበቡ በፊት የማውቀው የተማሪዎች መደጋገፍ አንድ ለአምስት ነው። ታችኛው ክፍል ሳለሁ በአምስት በአምስት ተቧድነን ነበር። ጎበዙ መሪ ይሆናል፣ የሌሎቹን ደብተር ያያል፣ ለቲቸር ሪፖርት ያደርጋል። የእኔ ሪፖርት ሁልጊዜ "አትሳተፍም" ነበር። ለነገሩ እኔን ትምህርቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ዕረፍቱ ነው።

ወደ አገልግሎቱ ልግባ። ክበቡ የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው። ድጋፍ የሚፈልግ ተማሪና ፈቃደኛ የሆነ ተማሪ ያጣምራል። የተጣመሩት በምሳ ሰዓት ይገናኛሉ። አንዲት ቲቸር ይከታተላሉ። ክፍሉ ውስጥ ለግንባታ ሠራተኛ የሚሸጠው ዓይነት የጆሮ መሸፈኛ ሦስት አለ። ማንም ሰው ሳያስፈቅድ አንስቶ ማድረግ ይችላል።

ስትመዘገቡ ፎርም ትሞላላችሁ። እስካሁን ከሞላኋቸው ፎርሞች ሁሉ ምርጡ ነው። "ምን ድምፅ ይረብሽሻል?" ይላል። "ሰው እንዴት ሰላም እንዲልሽ ትፈልጊያለሽ?" ይላል። "ሲከፋሽ ምን እናድርግ? ምንስ አናድርግ?" ይላል። የመጨረሻው ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። መስመሩ አልበቃኝም፤ ጀርባውን ገልብጬ ቀጠልኩ።

የመጀመሪያዋ ተጣማሪዬ አልተሳካም። መጥፎ ልጅ አልነበረችም። ግን ታዝንልኝ ነበር። በየሁለት ደቂቃው "አይዞሽ የኔ ቆንጆ" ትለኛለች፣ ድምጿን ቀጠን አድርጋ። ክንዴን ዳበስ ዳበስ ታደርገኛለች። ሱቅ ስንሄድ እኔ አጠገቧ ቆሜ "ለእሷ ብስኩት ስጣት" ትለዋለች ባለሱቁን። እኔ ብስኩት አልፈለግኩም ነበር። ፈቃደኞች ዓመቱ ሲያልቅ ሰርተፍኬት ያገኛሉ፤ ለዚያ ፊርማ ያስፈልጋል። እሷ መጀመሪያ ትፈርማለች፣ ከዚያ ወደ እኔ ትመጣለች። ቅደም ተከተሉን አይቻለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቲቸር ለብቻዬ ጠሩኝ።

"እንዴት ነው ታዲያ?" አሉኝ።

"ጥሩ ነው።"

"ጥሩ ነው ማለት ምን ማለት ነው?"

እንደዚህ ብሎ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ትንሽ ቆየሁና "እንደ ሕፃን ታናግረኛለች" አልኩ። ቲቸር አልተቆጡም። "እሺ፣ እንቀይራለን" አሉ፤ በሳምንቱ ተቀየረ። ለዚህ ክበብ ትልቁን ነጥብ የምሰጠው እዚህ ላይ ነው። ሳትጣሉ መቀየር ይቻላል። ይሉኝታ አያስፈልግም።

ፎርሙ ላይ "ምን ደስ ይልሻል?" ለሚለው "ታፔላ" ብዬ ነበር የጻፍኩት። በእጅ የተጻፈ የሱቅ ታፔላ ማለቴ ነው። በ2016 ብዙው የፒያሳ ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ከአባቴ ጋር እየዞርን 211 ታፔላ ፎቶ አንስቻለሁ። ጸሐፊው ቦታ ሲያልቅበት የመጨረሻዎቹን ፊደላት እንዴት እንደሚያጠባቸው ማየት እወዳለሁ። "ልብስ ስፌት" ብሎ ጀምሮ "ት"ን ጥግ ላይ እንደ ክር አቅጥኖ ያቆማታል። ይህን ለሰው ሳወራ ሰው ስልኩን ያወጣል። አዲሷ ተጣማሪዬ ግን "አሳይኝ" አለች። ሁሉንም አየች። ሁለት ምሳ ሰዓት ፈጀብን።

እሷ ብዙ ታወራለች። ሆሄ ግን አትችልም። ሀ፣ ሐ እና ኀ ይምታቱባታል፤ የአማርኛ መምህሯ ሁልጊዜ በቀይ ያሰምሩባታል። እኔ የትኛው የት እንደሚገባ ታፔላ ሳይ ነው የለመድኩት። ስለዚህ ተዋዋልን። እኔ ፊደል አስተምራታለሁ፣ እሷ ሰው ታስተምረኛለች።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከገና በዓል በኋላ አንዲት የክፍል ልጅ "አንቺ ጠፋሽ እኮ!" አለችኝ። "አልጠፋሁም፤ ቤት ነበርኩ፤ ስልኬም ክፍት ነበር" አልኩ። ሁሉም ሳቁ። ጓደኛዬ አልሳቀችም። ደብተሯን አውጥታ ጻፈችልኝ፦ "ጠፋሽ ማለት ናፈቅሽኝ ማለት ነው። መልሱ፦ አለሁ፣ አንቺስ?" ናፍቆትን እንደ ክስ ለምን እንደሚናገሩት እስከ ዛሬ አልገባኝም። መልሱን ግን አውቄዋለሁ። ያ ደብተር አሁን 43 ቃል ደርሷል።

"እንብላ"ም አለበት። 9ኛ ክፍል እያለሁ በአንድ ጠረጴዛ አጠገብ ሳልፍ "እንብላ" አሉኝ። ተቀምጬ በላሁ። ለብዙ ጊዜ አወሩብኝ። አሁን "እንብላ" ሦስት ዓይነት እንደሆነ ተምሬያለሁ። ለአላፊው የሚባል አለ፤ "ብሉ፣ ይመስገን" ብሎ ማለፍ ነው። ሁለት ጊዜ የተደገመ አለ፤ እሱ የእውነት ሊሆን ይችላል። "በሞቴ" የተጨመረበት አለ፤ እሱን እምቢ ማለት ያስቀይማል። ይህን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። ሌላው ሰው ከየት እንደተማረው ጠየቅኳት። እሷም አታውቅም።

ሰላምታም ነበር ችግሩ። ጠዋት ጠዋት ክፍሉ ሁሉ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማል። ሰባት ስምንት ሰው ጉንጬን ሲነካኝ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምን እንደተማርን አላውቅም። በኮሮና ጊዜ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይል ነበር። ያ ለእኔ ትልቅ ዕረፍት ነበር። ለጓደኛዬ ይህን ስነግራት በማግስቱ ከሩቅ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እጅ ነሳችኝ። እኔም እጅ ነሳሁ። አዲስ ነገር አልፈጠርንም፤ የሽማግሌዎች ሰላምታ ነው። አሁን ከክፍላችን አሥራ አንድ ልጆች እንዲህ ነው ሰላም የሚሉኝ። ሁለቱ እርስ በርሳቸውም እንዲሁ ጀምረዋል።

ከሁሉ የከበደው ግን ምሳ ነው። እኛ አገር ምሳ ዕቃ ተከፍቶ ሁሉም መሀል ይደረጋል። ፍርፍሩ ከመኮሮኒው፣ መኮሮኒው ከሽሮው ይገናኛል። እኔ የተነካካ ምግብ አይወርድልኝም። የምይዘው የተቀቀለ ድንችና ዳቦ ነው፤ እነሱም ለየብቻ። ለብቻ መብላት ደግሞ እዚህ ቀላል ነገር አይደለም። "ኮራችብን" ይባላል፣ "ተጠየፈችን" ይባላል። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ ጭራሽ አልበላም ነበር።

አንድ ሐሙስ ጓደኛዬ ከሌሎች አራት ልጆች ጋር አስቀመጠችኝ። የምሳ ዕቃዬን ክዳን ገለበጠችው። አራት ድንችና አንድ ቁራሽ ዳቦ አደረገችበትና ወደ መሀል ገፋችው። ለእኔ የሚሆነው ምሳ ዕቃው ውስጥ ቀረ። "ይሄ የእሷ ጥግ ነው" አለች። "መውሰድ ይቻላል። መጨመር አይቻልም።" ማንም ምንም አላለም። አንዱ ልጅ እጁን ሰደደና ድንች አነሳ። ልጣጩን በአውራ ጣቱ ላጠው። ቀመሰና "ጨው የለውም" አለ። እኔ "አዎ" አልኩ።

ማክሰኞ ሲመጣ ጨው በደብተር ወረቀት ጠቅልሎ ከኪሱ አወጣ። ለእኔ አልነበረም። ድንቼን ለመብላት ነው ያመጣው። ወረቀቱን ከፈተ፣ ከክዳኑ ላይ ድንች አነሳ፣ ነክሮ በላ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ ትንሽ ቆየች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስድስት ድንች ትቀቅላለች።

ሌላም ቀን አለ። መጋቢት ላይ ነው፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ። ባንዲራ እየተሰቀለ ሞንታርቦው አፏጨ። ሲያፏጭ ለእኔ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ጥርሴ ውስጥ ይገባል። ሰልፉን ጥዬ ሮጥኩ። ከቤተ ሙከራው ጀርባ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን ይዤ እወዛወዝ ነበር። ድሮ እንዲህ ስሆን ሰው ይሰበሰባል፤ አንዱ ውሃ ይረጫል፣ አንዱ ክብሪት ያሸትታል፣ ሁሉም "ምን ሆንሽ?" ይላል። ያን ቀን ጓደኛዬ መጣች። ከእኔ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። አይዞሽ አላለችም። አልነካችኝም። ፎርሜን አንብባው ነበር። ብዙ ቆይታ "ደወሉ ሊደወል አምስት ደቂቃ ነው" አለች። ስለ ደወሉ ስለነገረችኝ ደወሉ ሲደወል አልደነገጥኩም። ተነሥተን ገባን።

አሁን ስለ አንድ ጥናት ልናገር፣ ምክንያቱም ነገሩን ገልጦልኛል። በ2012 እ.ኤ.አ. ዴሚያን ሚልተን የሚባል፣ ራሱም ኦቲስቲክ የሆነ እንግሊዛዊ ምሁር አንድ ሐሳብ አቀረበ። ኦቲስቲክ ሰው ሌላውን አይረዳም ሲባል ኖሯል። እሱ ግን ሌላውም ኦቲስቲኩን አይረዳም፣ አለመግባባቱ ከሁለቱም ወገን ነው አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስምንት ስምንት ሰው አሰልፈው አንድ ታሪክ ከሰው ወደ ሰው እንዲተላለፍ አደረጉ። ሁሉም ኦቲስቲክ በሆኑበት ሰልፍ ታሪኩ ሁሉም ኦቲስቲክ ካልሆኑበት እኩል ደረሰ። ታሪኩ ይበልጥ የባከነው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው።

እኔ ይህን ያመንኩት ክበቡ ውስጥ ነው። እዚያ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ አለ፣ እሱም ኦቲስቲክ ነው። እርግብ ያረባል። ስለ እርግቦቹ ሲያወራ ከመጀመሪያው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ነው የሚያወራው። አላቋርጠውም። እሱም ስለ ታፔላ ሳወራ አያቋርጠኝም። ሰላም አንባባልም። ደብተር አያስፈልገንም። እሱን ሰምቼ ስወጣ ድካም የለብኝም። ጓደኛዬን እወዳታለሁ፤ ከእሷ ጋር ግን ሁልጊዜ ትንሽ እተረጉማለሁ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ክበቡ ግን ይህን ሁለተኛውን አስቦ አላደረገውም፤ በአጋጣሚ ነው የተገናኘነው። ቢያስቡበት ጥሩ ነው። ኦቲስቲኩን ሁልጊዜ ኦቲስቲክ ካልሆነ ልጅ ጋር ብቻ አታጣምሩ።

ጉድለቱን ደግሞ ልናገር። አንደኛ፣ በሳምንት ሁለት ቀን አይበቃም። ሰኞ፣ ረቡዕና አርብም ምሳ አለ። ጓደኛዬ ታማ አንድ ሳምንት ስትቀር ማንም አልተተካልኝም፤ ወደ ሽንት ቤቱ ተመለስኩ። ክበቡ ከክፍል መውጣት ስንፈልግ የምናሳየው ካርድ ሰጥቶናል፤ እሱም መጀመሪያ ቢጫ ነበር። ሳወጣው ወንዶቹ "ሁለተኛው ቀይ ነው!" እያሉ እንደ ዳኛ ያፏጩ ነበር። ለቲቸር ነገርን፤ ወደ ሰማያዊ ተቀየረ፤ ፉጨቱም ቆመ።

የከፋኝ ግን መጋቢት 24 ነው። የዓለም የኦቲዝም ቀን። ሳይጠይቁን መድረክ ላይ አወጡን። ፎቶ ተነሣን። ንግግር ያደረጉት ትልቅ ሰው "ለእነዚህ ልጆች የምንውለው ውለታ" አሉ። ጓደኛዬ ከታች ሆና ስታየኝ ነበር፤ ፊቷ ቀልቷል። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው፤ መብት ነው የሚለው። ይህን ጽፌ ለቲቸር ሰጥቻቸዋለሁ። ዘንድሮ መድረክ ላይ መውጣት በፈቃድ እንደሚሆን ነግረውኛል። እኔ አልወጣም። የእርግቡ ልጅ ግን እወጣለሁ ብሏል፤ ስለ እርግብ ሊናገር።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገርም አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ጀምሮ ብዙውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ተገብቶ ነው የሚሰጠው። ዶርም፣ የማላውቀው አልጋ፣ የካፌ ወጥ። ክበቡ ስለዚህ እስካሁን ምንም አላዘጋጀም። እኔና ጓደኛዬ ራሳችን ጀምረናል። ቅዳሜ ቅዳሜ አብርኆት ቤተ መጻሕፍት እንሄዳለን፣ የማላውቀው ሰው መሀል ተቀምጬ ሦስት ሰዓት ማንበብ እለማመዳለሁ። ስንጨርስ በእግራችን ወደ ፒያሳ እንወርዳለን። የእግረኛ መንገዱ ከታደሰ ወዲህ ሰፊ ነው፤ ጎን ለጎን ሳንነካካ መሄድ ይቻላል።

ከ5 ነጥብ 4 እሰጣለሁ። አምስት የማልሰጠው ክፍሉ በማይከፈትባቸው በሦስቱ ቀናት ምክንያት ነው። መጀመር ለሚፈልግ ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ "ጥሩ ነው ማለት ምን ማለት ነው?" ብለው የሚጠይቁ አንዲት ቲቸር፣ እና ያ ፎርም ነው። ፎርሙን የሚፈልግ ካለ ቲቸር ኮፒ እሰጣለሁ ብለዋል።

አንድ የረሳሁት ነገር፦ የክፍሉ በር ሲከፈት በኃይል ይጮኻል። ማጠፊያው ዘይት ይፈልጋል። አባቴ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አለው። ሐሙስ ይዤ እሄዳለሁ።